አንድ ማተሚያ ለብዙ ሠራተኞች፤ ስለ ገመድ አልባ ፕሪንት ሰርቨር ጥቅምና አተካከል

የንግድ ሥራ ያለ ወረቀት ሊካሄድ አይችልም። የዋጋ ማቅረቢያ፥ የጨረታ ሰነድ፥ የዕቃ ማስረከቢያ፥ ለባንክ የሚጻፍ ደብዳቤ፥ የሠራተኞች የደመወዝ መክፈያ፥ እነዚህ ሁሉ ታትመው፥ ተፈርመውና ማኅተም አርፎባቸው ካልወጡ በቀር ጉዳዩ ተፈጸመ ለማለት ያስቸግራል። ዛሬ በብዙ ጽሕፈት ቤቶች በየጠረጴዛው ኮምፒዩተር ይገኛል፤ ፕሪንተር ግን አንድ ወይም ሁለት ብቻ ነው። እሱም ብዙውን ጊዜ በጸሐፊዋ ወይም በሒሳብ ሹሙ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ሲሆን፥ ሌሎቹ ሠራተኞች ጽሑፋቸውን በፍላሽ ይዘው እየሄዱ ተራ ይጠብቃሉ።

ይህ ልማድ ሦስት ጉዳት አለው። አንደኛ፥ ጊዜ ይፈጃል። አምስት ሠራተኞች ያሉት ጽሕፈት ቤት ነው እንበል። እያንዳንዱ ሠራተኛ በቀን አራት ጊዜ ለማተም ቢነሣና በያንዳንዱ ጊዜ 6 ደቂቃ ቢያጠፋ፥ በቀን 2 ሰዓት፥ 25 የሥራ ቀን ባለው ወር ደግሞ 50 ሰዓት በመመላለስ ብቻ ያልፋል። ይህም ሥራው የሚቋረጥበትን ባለ ፕሪንተሩን ሰው ሳይጨምር ነው። ሁለተኛ፥ ፍላሽ ከኮምፒዩተር ወደ ኮምፒዩተር በተዘዋወረ ቍጥር ቫይረስ ያዛውራል። ሦስተኛ፥ የድርጅቱ ጽሑፍ በማይመለከተው ሰው ኮምፒዩተር ውስጥ ተገልብጦ ይቀራል።

ለያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱን ፕሪንተር መግዛትም መፍትሔ አይሆንም። የመግዣው ዋጋ ቢቻል እንኳ፥ የልዩ ልዩ ፕሪንተሮች ቶነርና መለዋወጫ በየዐይነቱ መግዛትና ማከማቸት የማያቋርጥ ወጪ ነው። ስለዚህ በመካከለኛና በአነስተኛ የንግድ ቤቶች ዘንድ የተሻለው መንገድ ያለውን አንድ ደኅና ፕሪንተር ለሁሉ እንዲያገለግል ማድረግ ነው። ይህንንም ግድግዳ ሳይበሱና ገመድ ሳይዘረጉ ለመፈጸም የሚያስችለው ገመድ አልባ ፕሪንት ሰርቨር የተባለው መሣሪያ ነው።

ፕሪንት ሰርቨር ምንድን ነው?

ፕሪንት ሰርቨር ማለት በብዙ ኮምፒዩተሮችና በአንድ ፕሪንተር መካከል ሆኖ የሚታተመውን ሥራ የሚቀበልና በየተራው የሚያስተናግድ መሣሪያ ነው። ግብሩ ከአንድ የመዝገብ ቤት ሹም ግብር ጋር ይመሳሰላል። ባለ ጉዳዮች ሁሉ ማመልከቻቸውን ለእሱ ይሰጣሉ፤ እሱም እንደ አመጣጣቸው ወደ ውስጥ ያቀርባል፤ ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ ቢደርሱ እንኳ የአንዱ ጽሑፍ ከሌላው ጋር አይደባለቅም።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። አንድ ሠራተኛ የማተም ትእዛዝ ሲሰጥ፥ ኮምፒዩተሩ በመጀመሪያ ጽሑፉን ፕሪንተሩ ወደሚያውቀው ቋንቋ ይለውጠዋል። ይህን የአስተርጓሚነት ሥራ የሚሠራው ድራይቨር የተባለው ሶፍትዌር ነው። የተተረጐመው ሥራ በኮምፒዩተሩ ውስጥ ተራውን ይዞ ከቈየ በኋላ በራዲዮ ሞገድ አማካይነት ወደ ራውተሩ፥ ከራውተሩም ወደ ፕሪንት ሰርቨሩ ይተላለፋል። ፕሪንት ሰርቨሩም በአጭር የዩኤስቢ ኬብል ለፕሪንተሩ ያቀብላል።

ከዚህ ላይ በሚገባ ሊታወቅ የሚገባው ነገር፥ ተራው ዐይነት ፕሪንት ሰርቨር መልእክተኛ እንጂ አስተርጓሚ አለመሆኑ ነው። የተቀበለውን እንደ ተቀበለ ያደርሳል። ስለዚህ ትክክለኛው ድራይቨር በያንዳንዱ ኮምፒዩተር ላይ መገኘት አለበት። ብዙ ሰዎች መሣሪያውን ገዝተው ሲያበቁ «አይሠራም» ብለው ወደ ሱቅ የሚመልሱት ይህን ባለማወቅ ነው።

የራዲዮው መስመር ፍጥነት ያንሳል ብሎ የሚሠጋ ሰው ቢኖር፥ በሒሳብ ሊረዳው ይችላል። አንድ የኤ 4 ገጽ በያንዳንዱ ኢንች 600 ነጥብ ሆኖ ሲታተም ወደ 35 ሚሊዮን የሚጠጉ ነጥቦች ይኖሩታል። ለያንዳንዱ ነጥብ አንድ ቢት ቢሰጥ፥ ገጹ ምንም ሳይታመቅ 35 ሚሊዮን ቢት ያህል ይሆናል። በሴኮንድ 20 ሚሊዮን ቢት የሚያስተላልፍ መጠነኛ የዋይፋይ መስመር ይህን ከ2 ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ያደርሰዋል። በደቂቃ 20 ገጽ የሚያትም ፕሪንተር ግን ለአንድ ገጽ 3 ሴኮንድ ይፈልጋል። እንግዲህ ለተራ የጽሕፈት ቤት ሥራ መስመሩ ፕሪንተሩን አያስጠብቀውም ማለት ነው። ብዙ ቀለም ያላቸው ሥዕሎችና ፎቶግራፎች ግን ከዚህ ብዙ ጊዜ የሚበልጥ ጭነት ስላላቸው ይዘገያሉ።

የአሳቡ አመጣጥ

ውድ የሆነን ማተሚያ ለብዙዎች የማካፈል አሳብ አዲስ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1971 ዓ.ም. የሃዋይ ዩኒቨርሲቲ በኖርማን አብራምሰን መሪነት በልዩ ልዩ ደሴቶች ላይ ያሉትን የትምህርት ቤቱን ክፍሎች ከኮምፒዩተር ጋር በራዲዮ ሞገድ ለማገናኘት አሎሃኔት የተባለውን መስመር ሥራ አስጀመረ። በ1973 ዓ.ም. ሮበርት ሜትካፍ ከዚሁ አሠራር ትምህርት ወስዶ፥ በካሊፎርኒያ በሚገኘው የዜሮክስ ኩባንያ የምርምር ማዕከል ውስጥ ኤተርኔት የተባለውን የኮምፒዩተር ማገናኛ አሳብ አቀረበ። በዚያው ማዕከል ጌሪ ስታርክዌዘር የሌዘር ፕሪንተርን ሠርቶ ነበርና፥ ኤተርኔት ካስፈለገባቸው ምክንያቶች አንዱ በየክፍሉ ያሉት ኮምፒዩተሮች ይህን አንድ ማተሚያ በጋራ እንዲጠቀሙበት ለማድረግ ነበር። ስለዚህ የጋራ ማተሚያ የኮምፒዩተር መረብ ከወለዳቸው ጥቅሞች ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው ማለት ይቻላል።

ገመድ አልባው መስመር ለሕዝብ የቀረበው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። የመጀመሪያው የዋይፋይ ደንብ በ1997 ዓ.ም. ሲወጣ በሴኮንድ 2 ሚሊዮን ቢት ብቻ ያስተላልፍ ነበር፤ በ1999 ዓ.ም. ወደ 11 ሚሊዮን ከፍ አለ። በዚያው ዓመት በኢንተርኔት ደንብ መሠረት ለማተም የሚያስችለው ሥርዓት ታተመ። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ አፕል የተባለው ኩባንያ ከእጅ ስልክ ላይ ያለ ድራይቨር ለማተም የሚያስችለውን ኤርፕሪንት የተባለውን አሠራር አወጣ። አሁን በገበያ የሚገኙት ፕሪንተሮች ብዙዎቹ ይህን የመሰለውን አሠራር ያውቃሉ።

ለምርጫ የቀረቡት አራት መንገዶች

የመጀመሪያው መንገድ ዋይፋይ በውስጡ ያለበት ፕሪንተር መግዛት ነው። በዚህ ጊዜ ፕሪንት ሰርቨሩ በማተሚያው ሆድ ውስጥ አብሮ የተሠራ ስለ ሆነ ሌላ መሣሪያ አያስፈልግም። አዲስ ፕሪንተር ለመግዛት ላሰበ የንግድ ቤት ከሁሉ የሚሻለው ይኸው ነው።

ሁለተኛው በራውተሩ ጀርባ ላይ ባለው የዩኤስቢ ቀዳዳ መጠቀም ነው። ነገር ግን ቀዳዳ ያለው ራውተር ሁሉ ፕሪንተር ያስተናግዳል ማለት አይደለም፤ ፍላሽና ዲስክ ብቻ የሚቀበሉ አሉ። የራውተሩን መመሪያ መጽሐፍ መመልከት ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ለብቻው የተሠራ ትንሽ የፕሪንት ሰርቨር ሣጥን መግዛት ነው። ይህ ለዓመታት በታማኝነት ያገለገለ፥ ነገር ግን ዋይፋይ የሌለው ጠንካራ ፕሪንተር ላለው ሰው ይስማማል። ደኅና ፕሪንተርን ዋይፋይ የለውም ብሎ መጣል ብክነት ነው።

አራተኛው አንድ ኮምፒዩተር ራሱ ፕሪንት ሰርቨር እንዲሆን ማድረግ ነው። የዊንዶውስ ኮምፒዩተር ከእሱ ጋር የተያያዘውን ፕሪንተር ለሌሎቹ ሊያካፍል ይችላል፤ ጉድለቱ ግን ያ ኮምፒዩተር በጠፋ ቍጥር ማተሚያውም አብሮ መቋረጡ ነው። ራስበሪ ፓይ የተባለውን የመዳፍ ስፋት እንኳ የማይሞላ ኮምፒዩተር ገዝቶ፥ በ1999 ዓ.ም. የወጣውንና ያለ ክፍያ የሚገኘውን ከፕስ የተባለ ሶፍትዌር በላዩ መጫን ይቻላል። ይህኛው ከተራው ሣጥን የሚበልጥበት ምክንያት፥ መልእክተኛ ብቻ ሳይሆን አስተርጓሚም ሊሆን መቻሉ ነው። ሆኖም አተካከሉ ሊኑክስ የሚያውቅ ባለ ሙያ ይፈልጋል።

ከመግዛት በፊት ሊመረመሩ የሚገባቸው

ሣጥኑን ለመግዛት የወሰነ ነጋዴ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት የሚከተሉትን ቢጠይቅ ከኪሳራ ይድናል።

ፕሪንተሩ ከሣጥኑ ጋር ይስማማል ወይ? የሣጥኑ ሠሪ የሚስማሙትን ፕሪንተሮች ስም ዝርዝር ያወጣል። በተለይ በርካሽ ዋጋ የሚሸጡ አንዳንድ ፕሪንተሮች ገጹን ራሳቸው ማዘጋጀት ስለማይችሉ ሥራውን ሁሉ በኮምፒዩተሩ ላይ ይጥላሉ፤ ከኮምፒዩተሩም ጋር ያለማቋረጥ መነጋገር ይፈልጋሉ። እነዚህ ከተራ ፕሪንት ሰርቨር ጋር ብዙ ጊዜ አይግባቡም።

ፕሪንተሩ ስካነርና ፎቶ ኮፒ ያለው እንደ ሆነስ? ሣጥኑ የማተሙን ሥራ ቢያስተላልፍም የስካነሩን ሥራ ላያስተላልፍ ይችላል። ፎቶ ኮፒው በፕሪንተሩ ላይ በቀጥታ የሚሠራ ስለ ሆነ አይነካም።

ሣጥኑ የሚሠራው በየትኛው ሞገድ ነው? ብዙዎቹ በ2.4 ጊጋ ኸርዝ ብቻ ይሠራሉ። ይህ ሞገድ ከ5 ጊጋ ኸርዙ ይልቅ ግድግዳን አልፎ የመሄድ ኃይል ስላለው ለማተሚያ የተመቸ ነው፤ ነገር ግን ራውተሩ ይህን ሞገድ ዘግቶ 5 ጊጋ ኸርዙን ብቻ ከፍቶ እንደ ሆነ ሣጥኑ ፈጽሞ አያገኘውም።

የሚቀመጥበት ስፍራስ? የራዲዮ ሞገድ ብረት አያሳልፍም። ቆርቆሮ ግድግዳ ያለው መጋዘን፥ ከኮንቴይነር የተሠራ ሱቅ፥ የብረት መዝገብ ማስቀመጫና ብረት የበዛበት ወፍራም የሲሚንቶ ግድግዳ ሞገዱን ያዳክሙታል ወይም ይጋርዱታል። ፕሪንተሩ እንደዚህ ባለ ስፍራ መቀመጥ ግድ ከሆነበት ገመድ መዘርጋት ይሻላል። ፕሪንተሩን ከሣጥኑ ጋር የሚያገናኘው የዩኤስቢ ኬብል ደግሞ ከ5 ሜትር መብለጥ የለበትም።

ከዚህም ጋር አንድ ነገር መታወቅ አለበት። በሕግ የታዘዘው የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ የራሱ ደንብ ያለው ስለ ሆነ፥ የጽሕፈት ቤቱ የጋራ ፕሪንተር እሱን ሊተካ አይችልም። የሁለቱ ሥራ ተለያይቶ መኖር አለበት።

አተካከሉ በየተራው

አንደኛ፤ ፕሪንተሩ በአንድ ኮምፒዩተር ላይ በዩኤስቢ ኬብል ተያይዞ ደኅና ማተሙ ይረጋገጥ። ይህ ሳይደረግ ቢቀር፥ በኋላ ችግር ሲነሣ ጥፋቱ የፕሪንተሩ ይሁን የሣጥኑ ለመለየት አይቻልም።

ሁለተኛ፤ የዋይፋዩ ስም፥ የይለፍ ቃሉ፥ የራውተሩ አድራሻና ራውተሩ ለኮምፒዩተሮች የሚያድላቸው አድራሻዎች ከስንት እስከ ስንት እንደሚደርሱ በወረቀት ላይ ይጻፉ።

ሦስተኛ፤ ሣጥኑ ለጊዜው በኔትወርክ ኬብል ከራውተሩ ጋር ይያያዝ። ገመድ አልባ የሆነ መሣሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ በገመድ መያያዙ ያስገርም ይሆናል፤ ነገር ግን ሣጥኑ የዋይፋዩን የይለፍ ቃል ገና አያውቅምና የሚነግረው ሰው ያስፈልገዋል። በመመሪያው ላይ የተጻፈው አድራሻ በኮምፒዩተር ብራውዘር ላይ ሲጻፍ የሣጥኑ ማስተካከያ ገጽ ይከፈታል። የኬብል ቀዳዳ የሌላቸው ሣጥኖች የራሳቸውን ጊዜያዊ ዋይፋይ ስለሚያሰራጩ በዚያ በኩል ይገባል።

አራተኛ፤ ከፋብሪካ ይዞት የመጣው የይለፍ ቃል ወዲያው ይለወጥ። ከፋብሪካ የመጣው ቃል በየመመሪያው ታትሞ የሚገኝ ስለ ሆነ ምስጢር አይደለም።

አምስተኛ፤ የዋይፋዩ ስምና የይለፍ ቃል ይግባ። የመጠበቂያው ዐይነት ደብልዩ ፒ ኤ 2 ወይም 3 ይሁን። ከእነዚህ የሚቀድመው ደብልዩ ኢ ፒ የተባለው ቍልፍ ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በቀላሉ እንደሚሰበር የታወቀ ስለ ሆነ፥ እሱን ብቻ የሚያውቅ አሮጌ ሣጥን በርካሽ ቢገኝም አይገዛ።

ስድስተኛ፤ ለሣጥኑ የማይለዋወጥ አድራሻ ይሰጠው። የዚህም ምክንያት ቀጥሎ ባለው ክፍል ተገልጿል።

ሰባተኛ፤ የኔትወርክ ኬብሉ ተነቅሎ፥ ሣጥኑ ጠፍቶ እንደ ገና ይብራ፤ ከዚያም ከፕሪንተሩ ጋር በዩኤስቢ ይያያዝ።

ስምንተኛ፤ በያንዳንዱ ኮምፒዩተር ላይ ፕሪንተር የመጨመሪያው ክፍል ተከፍቶ፥ በአድራሻ መጨመር የሚለው ተመርጦ የሣጥኑ አድራሻ ይግባ። ከዚያም የመተላለፊያው ዐይነት ይጠየቃል። አንዳንዱ ሣጥን 9100 በተባለው በር በኩል ሥራውን በቀጥታ ይቀበላል፤ ሌላው ደግሞ የተራ ስም ይፈልጋል። የተራው ስም በሣጥኑ መመሪያ ላይ የተጻፈው ራሱ፥ አንድ ፊደል ሳይጨመርና ሳይቀነስ መግባት አለበት። በመጨረሻም የፕሪንተሩ ድራይቨር ይጫናል።

ዘጠነኛ፤ ከያንዳንዱ ኮምፒዩተር አንድ አንድ ገጽ ይታተም፤ ቀጥሎም ከሁለት ኮምፒዩተሮች በአንድ ጊዜ ተልኮ በየተራው መውጣቱ ይታይ። ይህ ከተሳካ በኋላ አድራሻው፥ የተከለው ሰው ስምና ቀኑ በትንሽ ወረቀት ተጽፎ በሣጥኑ ላይ ይለጠፍ። የይለፍ ቃሉ ግን ከሥራ አስኪያጁ ዘንድ በተዘጋ ፖስታ ይቀመጥ እንጂ ከሣጥኑ ላይ አይለጠፍ።

መብራት በተቋረጠ ጊዜ

ፕሪንተሩ ትናንት ሲሠራ ውሎ ዛሬ «የለም» የሚባልበት ዋናው ምክንያት የአድራሻ መለዋወጥ ነው። ራውተር እንደ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ለሚመጣው መሣሪያ ሁሉ ባዶ ያገኘውን ክፍል ቍጥር ይሰጣል። መብራት ተቋርጦ ሲመለስ ሁሉም እንደ ገና ስለሚመዘገብ፥ ትናንት የፕሪንት ሰርቨሩ የነበረው ቍጥር ዛሬ ለአንድ ሠራተኛ የእጅ ስልክ ሊሰጥ ይችላል። ኮምፒዩተሮቹ ግን ሥራቸውን የሚልኩት በጥንቱ ቍጥር ነውና፥ የሚቀበላቸው ያጣሉ።

መድኀኒቱ ቀላል ነው። ለምሳሌ የራውተሩ አድራሻ 192.168.1.1 ቢሆንና ለኮምፒዩተሮች የሚያድላቸው ከ100 እስከ 199 ያሉት ቍጥሮች ቢሆኑ፥ ለፕሪንት ሰርቨሩ ከዚያ ውጭ የሆነ 192.168.1.20 ሊሰጠው ይችላል። ወይም በራውተሩ ገጽ ላይ የሣጥኑ መለያ ቍጥር ተመዝግቦ ያ አድራሻ ለእሱ ብቻ እንዲጠበቅለት ይደረጋል። ከሁለቱ በአንዱ ብቻ መሥራት ይገባል።

የኤሌክትሪክ ኃይልን በሚመለከት ሌላም ማስጠንቀቂያ አለ። ራውተሩና ፕሪንት ሰርቨሩ የሚፈልጉት ኃይል ጥቂት ዋት ብቻ ስለ ሆነ፥ ከትንሽ ዩፒኤስ ጋር ቢያያዙ መብራት ለአጭር ጊዜ ሲቋረጥ ሳይጠፉ ይቈያሉ። የሌዘር ፕሪንተር ግን ቀለሙን በወረቀቱ ላይ በሙቀት የሚያጣብቅ ስለ ሆነ፥ ማሞቂያው በሚሠራበት ጊዜ በብዙ መቶ ዋት የሚቈጠር፥ አንዳንዱም ከ1,000 ዋት በላይ የሆነ ኃይል ይስባል። ይህን ከትንሽ ዩፒኤስ ጋር ማያያዝ ዩፒኤሱን ያበላሻል። ፕሪንተሩ በቀጥታ ከግድግዳው ወይም አቅሙ ከሚበቃ ስታብላይዘር ጋር ይያያዝ።

ስለ አማርኛ ፊደል

የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደል መዝገብ ውስጥ የገባው በ1999 ዓ.ም. በሦስተኛው እትም ነው። ዛሬ ኮምፒዩተሮችና ስልኮች ፊደላችንን ያውቃሉ፤ ፕሪንተሮች ግን በውስጣቸው የያዙት ብዙውን ጊዜ የላቲን ፊደል ብቻ ነው። በትክክለኛው ድራይቨር ሲታተም ፊደሉ ከኮምፒዩተሩ ተወስዶ አብሮ ስለሚላክ ችግር የለም። በተሳሳተ ወይም ለሁሉ ይሆናል በተባለ ድራይቨር ሲታተም ግን እንግሊዝኛው ደኅና ወጥቶ አማርኛው ባዶ ሣጥን ወይም ትርጕም የሌለው ምልክት ሆኖ ሊወጣ ይችላል።

ስለዚህ የመፈተኛው ገጽ በእንግሊዝኛ ብቻ መሆን የለበትም። የአማርኛ ጽሑፍ፥ ቍጥር፥ ሠንጠረዥና የድርጅቱ ዓርማ ያለበት አንድ ገጽ ተዘጋጅቶ ከያንዳንዱ ኮምፒዩተር ይታተም። አስቸኳይ የሆነ ሰነድ በባዶ ሣጥን ተሞልቶ የወጣ እንደ ሆነ፥ ጽሑፉን ፊደሉ አብሮት እንዲታሸግ አድርጎ ወደ ፒዲኤፍ መለወጥና እንደ ሥዕል አድርጎ ማተም ብዙ ጊዜ ያድናል።

ምስጢር ስለ መጠበቅ

ፕሪንተር ለብዙዎች ሲሆን ምስጢርም ለብዙዎች እንዳይሆን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። የደመወዝ መዝገብ ወይም በጨረታ የሚቀርብ ዋጋ ታትሞ በመቀበያው ላይ ቢቀመጥ፥ የሚያልፍ ሁሉ ያነበዋል። አንዳንድ ፕሪንተሮች ባለቤቱ መጥቶ የምስጢር ቍጥር እስኪያስገባ ድረስ ሥራውን ይዘው ያቈያሉ፤ ይህ የሌለው ጽሕፈት ቤት ግን ማተሚያውን እንግዶች ከሚቀመጡበት ስፍራ ቢያርቅ ይበጃል። ደንበኞች በእንግዳ ዋይፋይ እንዲገቡ እንጂ ፕሪንተሩ ባለበት በዋናው መስመር እንዲገቡ አይደረግ።

አደጋው ከውጭም ይመጣል። የፕሪንተር በር ወደ ኢንተርኔት ክፍት ሆኖ የተተወ እንደ ሆነ፥ ከዓለም ዳርቻ ያለ ሰው ሊያትምበት ይችላል። በኖቬምበር 2018 ዓ.ም. አንድ ሰው በዚህ ዐይነት ክፍት የተተዉ፥ እንደ ራሱ አነጋገር 50,000 የሚሆኑ ፕሪንተሮች የአንድ የኢንተርኔት ቪዲዮ አቅራቢ ማስታወቂያ እንዲያትሙ አድርጓል። የደረሰው ጉዳት የወረቀትና የቀለም ብቻ ቢሆንም፥ ያ በር ለከፋ ነገርም ሊያገለግል ይችል ነበር። ስለዚህ በራውተሩ ላይ ለፕሪንተር ሲባል ወደ ውጭ የሚከፈት ምንም በር መኖር የለበትም።

ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበው ግን በፌብሩዋሪ 2016 ዓ.ም. በባንግላዴሽ ማዕከላዊ ባንክ የደረሰው ነው። ሌቦች በባንኩ ኮምፒዩተሮች ውስጥ ገብተው በኒው ዮርክ ካለው የባንኩ ሒሳብ ወደ 951 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር የሚደርስ ገንዘብ እንዲተላለፍ ትእዛዝ ላኩ፤ ከዚህም ውስጥ 81 ሚሊዮን ዶላሩ ወደ ፊሊፒንስ ሄደ። ባንኩ የገንዘብ ዝውውር መልእክቶችን በየዕለቱ የሚያትም ፕሪንተር ነበረው፤ ሌቦቹ ግን እሱን አስቀድመው እንዳያትም አድርገውት ነበር። ሠራተኞቹ ፕሪንተሩ ቆሞ ባገኙት ጊዜ እንደ ተለመደው ብልሽት ቈጠሩት፤ በዚህም ብዙ ሰዓት አለፈ። የሒሳብ ማረጋገጫ የሚያትም ፕሪንተር ያለ ምክንያት ሲቆም ዝም ብሎ የሚታለፍ ነገር አለመሆኑን ይህ በሚገባ ያስረዳል። የቆመበት ሰዓትና ምክንያት በመዝገብ ላይ መስፈር፥ የዕለቱም ሒሳብ በሌላ መንገድ መመርመር አለበት።

ሣጥኑ ወይም ፕሪንተሩ ሲሸጥ ደግሞ በውስጡ ያለው ሁሉ ወደ ፋብሪካ ይዞታው ተመልሶ ይጥፋ። ሣጥኑ የዋይፋዩን የይለፍ ቃል፥ ትልልቅ ፕሪንተሮችም በውስጣቸው ባለው ዲስክ ላይ የታተሙትን ሰነዶች ቅጂ ይዘው ሊገኙ ይችላሉ።

ማተሙ ሲቋረጥ

ችግር በተነሣ ጊዜ ከቀላሉ መጀመር ይገባል። በመጀመሪያ ፕሪንተሩ ወረቀትና ቶነር እንዳለው፥ ወረቀትም እንዳልተቀረቀረበት ይታይ። ቀጥሎ የችግሩ ስፋት ይለይ። ከአንድ ኮምፒዩተር ብቻ የማይታተም ከሆነ ጥፋቱ የዚያ ኮምፒዩተር ነው፤ ምናልባትም ኮምፒዩተሩ በእንግዳ ዋይፋይ ገብቶ ይሆናል፥ ወይም የተበላሸ አንድ ሥራ የተራውን መንገድ ዘግቶ ይሆናል። የተዘጋውን ሥራ መሰረዝ ይበቃል። ሠራተኞች ብዙ ጊዜ የሚሠሩት ስሕተት ግን ገጹ ሳይወጣ ሲቀር የማተም ትእዛዙን ደጋግሞ መስጠት ነው፤ መንገዱ ሲከፈት ያ አንድ ደብዳቤ ዐሥር ጊዜ ይታተማል።

ከሁሉም ኮምፒዩተሮች የማይታተም ከሆነ፥ መጀመሪያ ራውተሩ፥ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ሣጥኑ፥ በመጨረሻም ፕሪንተሩ ጠፍተው በዚሁ ተራ ይብሩ። ይህም ካልረዳ ሣጥኑ በተሰጠው አድራሻ ላይ መኖሩ በብራውዘር ይመርመር። ገጹ ከተከፈተ መስመሩ ደኅና ነውና ጥፋቱ በሣጥኑና በፕሪንተሩ መካከል ነው፤ ካልተከፈተ ጥፋቱ የዋይፋዩ ነው። ፕሪንተሩን ከአንድ ኮምፒዩተር ጋር በዩኤስቢ ኬብል አያይዞ የዕለቱን ሥራ መቀጠል ሁልጊዜ ይቻላል፤ ስለዚህ ኬብሉ ከፕሪንተሩ አጠገብ አይጥፋ። የጨረታ ሳጥን የሚዘጋበት ሰዓት የማንንም ሣጥን መጠገን አይጠብቅም።

እንግዲህ ይህ መሣሪያ ብዙ ዋጋ የማይጠይቅ፥ ጥንቃቄን ግን የሚጠይቅ መሆኑ ግልጽ ነው። ከመግዛት በፊት መስማማቱን የመረመረ፥ የማይለዋወጥ አድራሻ የሰጠ፥ ምስጢሩን የጠበቀና የአማርኛውን ገጽ አስቀድሞ የፈተነ የንግድ ቤት፥ ባለው አንድ ፕሪንተር የአምስቱንም ሠራተኞች ሥራ ያለ ጭንቀት ያከናውናል። በየወሩ በመመላለስ ያልፍ የነበረው ሰዓትም ለደንበኛ አገልግሎት ይተርፋል።